ለሚያፈስ ጣሪያ የተተከለ ድንኳን

ቤት ስትገዙ ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እዩ። የኔ ምክር ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ የሚፈልግ ሌላ መካሪ ይፈልግ። እኔ ቤቴን ስገዛ ያየሁት ጎማውን ነበር።

አዎን፣ ቤቴ ጎማ አለው። እዚህ አገር አርቪ ይሉታል። ከፊት መሪና የሾፌር ወንበር፣ ከኋላ አልጋ፣ ምድጃ፣ የዕቃ ማጠቢያ፣ እንዲሁም ሰው አንዴ ከገባ መዞር የማይችልበት መታጠቢያ ቤት ያለው ረጅም መኪና ነው። ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት አገር ላገር እየዞሩ ይዝናኑበታል። እኔ ጡረታም አልወጣሁ፣ ሚስትም የለኝ። ቴክሳስ፣ ዳላስ አጠገብ ግራንድ ፕሬሪ የምትባል ከተማ ውስጥ መጋዘን ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ካርቶን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ እወስዳለሁ፤ በማግስቱ ሌላ ሰው መልሶ ያመጣዋል።

ታዲያ የጎማ ቤት ባለቤት እንዴት ሆንክ ብትሉኝ ጥፋቱ የሠርግ ነው። አርሊንግተን ውስጥ ሙሉጌታ ከሚባል የታክሲ ሾፌር ጋር አንድ አፓርታማ ተጋርተን እንኖር ነበር። ሙሉጌታ ሚስት አገባ። ሚዜ ሆኜ ጨፈርኩ፣ ላቤ እስኪንጠፈጠፍ እስክስታ ወረድኩ። ሙሽራዋ ሻንጣዋን ይዛ ስትገባ ነው ነገሩ የገባኝ። ከሦስታችን አንዳችን መውጣት ነበረብን፣ ሙሽሮቹ ደግሞ የመውጣት ሐሳብ አልነበራቸውም።

በዚያው ሰሞን መጋዘን አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ አርቪውን ሊሸጥ መሆኑን ሰማሁ። ሄጄ ሞተሩን አስነሳሁ፣ ጎማውን በእግሬ መታ መታ አደረግኩና ገዛሁት። ጎማ በእግር ተመትቶ ምን እንደሚታወቅ እስከ ዛሬ አላውቅም። መኪና የሚገዛ ወንድ ሁሉ ሲያደርገው አይቼ ነው። ዕቅዴ ከመጋዘን ዕረፍት እያወጣሁ አሜሪካን ዳር እስከ ዳር ማዳረስ ነበር። መኪናው እስካሁን የተጓዘው ከሻጩ ግቢ ተነስቶ ብጤዎቹ ተደርድረው እስከሚቆሙበት፣ ውሃና መብራት እስከሚቀጠልበት ግቢ ድረስ ብቻ ነው። እሱንም መንገድ ተሳስቼ ስለዞርኩ ነው ትንሽ የረዘመው።

ዳላስ ሐበሻ ሞልቷል። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም ሰው "ጠፋህ እኮ!" ይለኝ ነበር። በየሳምንቱ እዚያው ቦታ ቆሜ ነው "ጠፋህ" የምባለው። "አለሁ" እላለሁ። "እንጠይቅሃለን፣ ኮል አድርገን እሺ?" ይሉኛል፤ ከዚያ ሁሉም ወደየመኪናው ይገባል። ጎማ ቤቴ ውስጥ ስልክ የለም። ስልክ ያለው የግቢው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ግድግዳ ላይ ነው። ይህም ሆኖ፣ ሰው መጥቶ ቢጠይቀኝ ብዬ ሁለት ታጣፊ ወንበርና ሁለት ብርጭቆ ገዝቼ ነበር። ያን ጊዜ የሁለተኛው ብርጭቆ የዋጋ ወረቀት ገና አልተላጠም ነበር።

ከዘመድ የቀረችኝ ታላቅ እህቴ ጥሩነሽ ናት። ደብረ ብርሃን ትኖራለች። ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ የምትቆጣኝም እሷ ብቻ ናት። አልፎ አልፎ የስልክ ካርድ ገዝቼ ከቤቷ ፊት ለፊት ወዳለው ሱቅ እደውላለሁ፤ ባለሱቁ ጮኾ ይጠራታል፣ እየሮጠች ትመጣለች። ሁልጊዜ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። "አጠገብህ ሰው አለ?" እኔም የሚሽከረከሩትን ልብስ ማጠቢያዎች እያየሁ "አለ" እላታለሁ።

እንግዲህ ወደ ጣሪያው ልመለስ።

አንድ የሚያዝያ ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ ጋደም ብዬ ሳለ ዝናብ ጣለ። የቴክሳስን ዝናብ የማያውቅ ሰው "ዝናብ ጣለ" ስል ዝናብ ብቻ ይመስለዋል። ንፋሱ፣ በረዶው፣ መብረቁ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የሚመጡት፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንዳይታወቅ። ጣሪያው እንደ ከበሮ ሲመታ ደስ ብሎኝ አዳምጥ ነበር። ወዲያው ግንባሬ ላይ ጠብ አለ። አልጋዬን አዞርኩ፤ እግሬ ላይ ጠብ አለ። ባልዲ አመጣሁ፣ ከባልዲው ጎን ጠብ አለ። በመጨረሻ ሳፋ፣ ድስትና ያንን ያልተነካ ሁለተኛ ብርጭቆዬን ሳይቀር ደርድሬ እኔ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ዝናቡ ከቆመ በኋላ እንኳን ጣሪያዬ ማንጠባጠቡን አላቆመም።

በነጋታው መሰላል ተውሼ ወጣሁ። ልብ በሉ፣ የሚያፈስ ጣሪያ ላይ ውሃው የሚገባበትና የሚወጣበት ቦታ አይተዋወቁም። ከፊት ይገባና በጣሪያው ሆድ ውስጥ ተንሸራቶ ከኋላ ራስጌህ ላይ ይወርዳል። እኔ ይህን ስለማላውቅ ከራስጌዬ በላይ ያለውን ሁሉ በሲሊኮን ማሸጊያ ደፈንኩት። ማሸጊያው ስላልጎደለ ጥግ ጥጉንም ደፈንኩ። አሁንም አላልቅ ሲለኝ የጣሪያዋን ትንሽ መስኮት ዙሪያዋን ለጠፍኳት። ወርጄ እጄን ስታጠብ "ወንድ ልጅ ይኸ ነው" አልኩ።

ያቺ መስኮት ለካ የቤቱ አፍንጫ ኖራለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አልተከፈተችም። ሽሮዬን ስሠራ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ እዚያው ግድግዳው ላይ ያርፋል፤ በዝናብ ጊዜ ደግሞ ከላይ ይጨመርበታል። በሳምንት ውስጥ ከራስጌዬ የአተር ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ አየሁ። ጠረግኳት። በማግስቱ እህቶቿን ይዛ መጣች። ደግሜ ጠረግኩ፤ አክስት አጎቶቿን ጠርታ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገባች። ሻጋታ ነው። ያገሬ ሰው ሁሉ ኮል አድርግ ሲለኝ ሻጋታው ግን ኮል ሳያደርግ መጣ፤ መጥቶም አልሄደም።

እውነቱን ልናገር፣ ለመድኩት። ከሥራ ስገባ "እንዴት ዋልክ?" ማለት ጀመርኩ። ወዴት እንደሰፋ አይቼ ስለ ዝናቡ እናወራለን፤ ማለቴ እኔ አወራለሁ። አንድ ቀን ጫማዬን እያወለቅኩ "የመጣ ሰው ነበር?" ብዬ ስጠይቀው ራሴን ሰማሁት። ያን ጊዜ ሆድ ባሰኝ። ከሁለታችን አንዳችን መውጣት እንዳለብን ወሰንኩ፤ በዚህ ጊዜ የምወጣው እኔ እንደማልሆንም ለራሴ ማልኩ።

ጎረቤቴን ሌሮይን አማከርኩት። ሌሮይ ሚስቱ የሞተችበት፣ ባርኔጣውን ለመኝታ ብቻ የሚያወልቅ የቴክሳስ ሽማግሌ ነው። ማታ ማታ ደጁ ላይ ወንበሩን ዘርግቶ፣ ፊቱን ወደ አርቪው አዙሮ ይቀመጣል። ጨዋታው ሁሉ ስለ አርቪው ነው። "ይህቺን አየሃት? ከገዛኋት ጀምሮ አንዲት ጠብታ አላስገባችም" ይልና ጎኗን ቸብ ቸብ ያደርጋታል። ጠዋት ይህንኑ ይነግረኛል፣ ማታም ይህንኑ ይነግረኛል። የኔን ግድግዳ ሲያይ ግን የሷን ነገር ትቶ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ።

"ሁሉን ነገር አውጣ" አለኝ። "ፍራሹን ፀሐይ ላይ አስጣው። ግድግዳውን በበረኪና እጠብ። እስኪደርቅ ድረስ ከላይ ሸራ ወጥርበት፤ ግን አይነካው፣ ከፍ አድርገህ በምሰሶ አቁመው፤ ንፋስ በሥሩ ይለፍ።"

ሸራ ከመጋዘን ተዋስኩ። የጭነት መኪና የሚለብሰው ወፍራም አረንጓዴ ሸራ ነው። ዓርብ ዕለት ፈቃድ ወስጄ ከሌሮይ ጋር ምሰሶ ተክለን በጣሪያው ላይ ወጠርነው። ሸራው ትልቅ ስለነበረ ግማሹ ወደ ደጅ ተርፎ ሰፊ ጥላ ሠራ። የግቢው ዘበኛ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ዕቃ መደርደሪያ እንዲሆነኝ አንድ ቁልል ታጣፊ ወንበር አመጣልኝ። ፍራሼን አውጥቼ መሬት ላይ አነጠፍኩ። ልብሴ ሁሉ ሻጋታ ሻጋታ ስለሸተተ እጥበት ገባ፤ የቀረኝ የሙሉጌታ ሠርግ ላይ የለበስኩት ጥቁር ሱሪና ጥቁር ሸሚዝ ብቻ ነበር። መላጫዬ የትኛው ካርቶን ውስጥ እንደገባ አላውቅም፤ ካርቶን ሲያመላልስ የሚውል ሰው የራሱን ካርቶን መለየት አይችልም።

ያቺን የደፈንኳትን መስኮት ሳልከፍት በረኪናውን እንደጉድ አፍስሼ ማሸት ያዝኩ። በረኪና በተዘጋ ቤት ምን እንደሚያደርግ ማንም አልነገረኝም። ዓይኔ ደም መሰለ፣ አፍንጫዬ ውሃ ሆነ። እየተደናበርኩ ወጥቼ መሬት ላይ ያለው ፍራሽ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ብርድ ብርድ ሲለኝ ጋቢዬን ደረብኩና ዓይኔን እየጠረግኩ ራሴን ይዤ እወዛወዝ ጀመር።

ልክ በዚህ ሰዓት ከግቢው ፊት ለፊት ባለው መንገድ አንድ ታክሲ ቀስ እያለ መጣ። ሙሉጌታ ነው! ከኋላው ተሳፋሪ ተቀምጧል። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አየኝ። እኔም ቀና አልኩ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ሰበር አደረገ፣ ከዚያ ነድቶ ሄደ። ሰላም እንኳን አላለኝም። ሚዜው እኔ ነኝ፤ አብሮ አደጌ ማለት ይቻላል፤ ከነሻጋታዬ አየኝና አለፈኝ። በረኪናው ለጀመረው እንባ እኔ ጨመርኩበት።

ሐበሻ የሆናችሁ ሁሉ ሙሉጌታ ያየውን አሁን አይታችሁታል። አረንጓዴ ድንኳን፣ ቁልል ወንበር፣ መሬት ላይ የተነጠፈ ፍራሽ፣ ጢሙ ያደገ፣ ጥቁር የለበሰ፣ ዓይኑ ያበጠ ሰው። እኔ ግን አላየሁትም፤ ውስጡ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ጋቢዬን እንደለበስኩ ደጅ ተቀምጬ ፀሐይ ስሞቅ፣ በግቢው በር መኪና ገባ። ከኋላው ሌላ መኪና፣ ከዚያ ታክሲ፣ ከዚያ ደግሞ ታክሲ። ከፊተኛው እትዬ በላይነሽ ወረዱ። እትዬ በላይነሽ የዳላስ እድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ እሳቸው በጠዋት የሄዱበት ቤት ምን እንዳለ የማያውቅ የለም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከኋላቸው ቄሱ፣ ከቄሱ ኋላ ሙሉጌታና ሚስቱ፣ እሑድ እሑድ "ጠፋህ" የሚሉኝ በሙሉ። ማንም አያወራም። ሁሉም መሬት መሬት እያየ ወደኔ ይመጣል።

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌዎች ማልደው በቡድን መጥተው ነው የሚያረዱት። እኔ ደግሞ የምረዳው አንድ ሰው ብቻ ነው ያለኝ።

"ጥሩነሽ!" ብዬ ጮኽኩ። "እህቴን! ጥሩነሽን!"

"ወይኔ! እህቱ ናት!" አለች የሙሉጌታ ሚስት፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ ልቅሶውን አቀለጠው። ሙሉጌታ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ "ፈርቼ ነበር እኮ፣ እሷ እንዳትሆን ፈርቼ ነበር" እያለ ያነባል። ጥሩነሽ አፓርታማ ሳለን የላከችልንን በሶ አብረን በልተናል፤ እውነተኛ እንባ ነበር። እትዬ በላይነሽ አይተዋት የማያውቋትን እህቴን ደግነት እየጠሩ ደረታቸውን መቱ። ሌሮይ ምኑም አልገባው። ሰው ሲያለቅስ አየ፤ ባርኔጣውን አውልቆ መጣና ከፍራሹ ጫፍ ተቀመጠ።

ምን ያህል ጊዜ እንዳለቀስን እንጃ። እኔ በልቤ የማወራው ከሷ ጋር ነበር። እንግዲህ አጠገብህ ሰው አለ ብሎ የሚጠይቀኝ ማን ነው? ሰው የመጣልኝ እሷ ስትሄድ ነው? ይህን ሁሉ ሰው ልሰብስብለት ብላ ነው የሞተችው? እንዲህ እያልኩ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ።

ልቅሶው ጋብ ሲል እትዬ በላይነሽ ጠጋ ብለው፣ "ታማ ነበር ወይ ልጄ?" አሉኝ።

"እኔ ምን አውቄ እትዬ። እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ።"

"እኔ? እኔማ ከየት አውቄ?"

"የመጣችሁት ልታረዱኝ አይደለም?"

እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ላይ ቀስ ብለው አነሱ። "ለቅሶ ልንደርስህ ነው የመጣን። ለመሆኑ መርዶውን ማን ነገረህ?"

"እናንተ ናችሁ የነገራችሁኝ! አሁን! ስትመጡ!"

እንግዲህ ለቅሶ ቤት ሲገባ "ማን ሞተ?" ተብሎ አይጠየቅም። መጀመሪያ ይለቀሳል፤ ማንነቱ ኋላ ከጎን ያለ ሰው በሹክሹክታ ይጠየቃል። እነሱ የሟቹን ስም ከኔ ጩኸት ሰሙ፤ እኔ ደግሞ ከነሱ ፊት አነበብኩ። እትዬ በላይነሽ ወደ ሰዉ ዞሩ። ለሳቸው የነገረቻቸው የሙሉጌታ ሚስት ናት። ለሷ የነገራት ሙሉጌታ። ሙሉጌታ ኤርፖርት የታክሲ ወረፋ ላይ ለሾፌሩ ሁሉ ነግሯል። ሁሉም ዓይን እሱ ላይ አረፈ።

"ድንኳኑን አየሁ..." አለ ሙሉጌታ። "ፍራሹን አየሁ። ሶ... ጥቁር ለብሷል፣ ያለቅሳል። ፓሴንጀር ይዤ ነው እንጂ ወርጄ አብሬው ላለቅስ ነበር። ማለቴ፣ ምን ልበል ታዲያ?"

"ጣሪያዬ አፍስሶ ነው" አልኩ። "ሻጋታ ነው። በረኪና ዓይኔን አቃጥሎኝ ነው።"

ማንም አልሳቀም። እኔም መሳቅ አልቻልኩም፤ አንዴ ጥሩነሽ ሞታለች ብዬ አልቅሻለሁ፤ አልሞተችም ብሎ የነገረኝ ደግሞ የለም። ድምፅዋን ካልሰማሁ ልቤ አያምንም። ተነስቼ ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ሮጥኩ። ለቀስተኛው በሙሉ ተከተለኝ። አንዲት ጎረቤት ፎጣዋን ስታጣጥፍ ጥቁር የለበሰ ሕዝብ በሩን ሞልቶ ሲገባ አየችና ፎጣዋን ትታ ወጣች።

ካርዱን ፋቅኩ፣ ደወልኩ፤ መስመሩ ተቋረጠ። ደግሜ ደወልኩ፤ ተያዘ። ሙሉጌታ ካርዱን ተቀበለኝና ቁጥሩን መታልኝ። በመጨረሻ ባለሱቁ አነሳ። "ጥሩነሽ አለች?" አልኩት። ድምፄን ሲሰማ ያለወትሮዬ መደወሌን አውቆ "ቆይ" ብቻ አለኝና ስልኩን አስቀመጠው። አለችም የለችም አላለም። ከዚያ የሚሰማኝ የመንገዱ ድምፅ ብቻ ነው፤ የጋሪ ፈረስ፣ የሕፃናት ጫጫታ። ሰዉ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ይጠብቃል። የሚናገረው የልብስ ማድረቂያው ብቻ ነው።

"ሃሎ! ማን ሞተ?" አለች ጥሩነሽ።

ግድግዳው ላይ ተደገፍኩ። "ማንም አልሞተም እታለም! ማንም!"

"ዋሽተህ ነው! በደህና በዚህ ሰዓት አትደውልም! ኡኡ! ንገረኝ፣ ማን ነው?" ሱቁ ደጃፍ ላይ ጩኸቷን አቀለጠችው፤ ከወዲያ ጎረቤቶቿ ሲሰበሰቡ ይሰማኛል።

"ጣሪያ ነው! የቤቴ ጣሪያ አፍስሶ ነው!"

"ጣሪያ ወደቀብህ? ተጎዳህ?"

"አልወደቀብኝም! እታለም፣ ደህና ነኝ። አንቺስ ደህና ነሽ?"

"ልትገድለኝ ደውለህ ደህና ነሽ ትለኛለህ?" አለችና ተነፈሰች። ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። "አጠገብህ ሰው አለ?"

ቀና አልኩ። እትዬ በላይነሽ አጠገቤ ቆመው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። ሙሉጌታ ካርዱን ጨብጧል። ቄሱ አሉ፣ ከበሩ ውጭ ሳይቀር ሰው ሞልቷል፤ ሌሮይ ከሁሉም በላይ ረዝሞ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ ያየኛል።

"አለ" አልኳት። "አለ እታለም። ሰው አለ።" ስልኩን እትዬ በላይነሽ ተቀበሉኝና ከጥሩነሽ ጋር እኔን ሲያሙኝ ካርዱ አለቀ።

ወደ ድንኳኑ ስንመለስ ሳቁ መጣ። ከሳቁ ጋር ቁጣውም መጣ። አንዱ "እኔ ሥራ ኦፍ ወስጄ ነው እኮ!" ይላል፤ ሌላዋ በማለዳ የቀቀለችውን ንፍሮ ምን እንደምታደርገው ትጠይቃለች። ሰው ሳይሞት የለቅሶ ንፍሮ ይበላል ወይስ አይበላም የሚል ክርክር ተነሳ። ቄሱ ትንሽ አሰቡና "እህል ምን አጠፋ?" አሉ። ተበላ። ሌሮይ ንፍሮውን በእፍኝ እየዘገነ "ይህ ሁሉ ሰው ለጣሪያህ ነው የመጣው?" አለኝ። ታሪኩን ለማስረዳት እንግሊዝኛዬ አልበቃኝ ብሎ "አዎ" አልኩት። ሌሮይ ሰዉን በዓይኑ ቆጠረ። "የሚስቴ ቀብር ላይ እንኳን ይህን ያህል ሰው አልነበረም" አለ።

ሆድ ሲሞላ ወንዶቹ ጣሪያውን እናያለን አሉ። ከለቀስተኛው ወንድ መካከል ጣሪያ አላውቅም የሚል አንድም አልተገኘም። ሁሉም ወጣ፤ ሁሉም ቀዳዳውን በተለያየ ቦታ አገኘው። ከታች እትዬ በላይነሽ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ግድግዳዬን ያሻሉ፤ "አፈር ስሆን፣ ሰው እዚህ ውስጥ ይተኛል?" እያሉ ለሻጋታዬ የሚያዝኑት ለሞት ካዘኑት ይብሳል። ከላይ ሙሉጌታ "እዚህ ጋ ነው፣ ኦኬ፣ ዞር በሉ" ሲል ተሰማኝ። ቋ አለ። እትዬ በላይነሽ ቀና ቢሉ ከሰማይ አንድ እግር ከነጫማው ወርዶ ፊታቸው ላይ ይወዛወዛል።

"በስመ አብ!" ብለው ስፖንጃቸውን ወረወሩበት።

እንግዲህ እስከዚያ ቀን ቤቴ የሚያፈሰው የት እንደሆነ አይታወቅም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ታወቀ። አንድ የሚጠቅም ነገር ግን ተገኘ፤ በሙሉጌታ እግር ቀዳዳ ንፋስ ገብቶ የበረኪናውን ሽታ ይዞ ወጣ። ሸራውን በላዩ አጥብቀው አሰሩልኝ፤ ሙሉጌታም መጥቼ እደፍነዋለሁ ብሎ ቃል ገባ። ፀሐይዋ ስታጋድል ሁሉም ወንበሩን አጥፎ፣ ድስቱን ጭኖ፣ "በል ኮል አድርገን" ብሎኝ ሄደ። ግቢው ጭር አለ። ወንበሮቹን ለዘበኛው መልሼ ብርጭቆዎቼን ቆጥሬ አጠብኩ፤ የዋጋ ወረቀቱ በውሃው ተላጥቷል። ማን እንደጠጣበት አላየሁም።

ሙሉጌታ ቃሉን አክብሮ በሌላ ቅዳሜ ጣውላና ማሸጊያ ይዞ መጣ፤ አብረን ደፈንነው፣ መስኮቷንም ከፈትናት። ከዚያ ወዲህ የወረደው ዝናብ ሁሉ አንዲት ጠብታ አላስገባም። ሻጋታውም ሳይሰናበት ጠፋ። ጣሪያው ዳነ፤ ጣሪያው ሲድን ሰው ቀረ። አሁን እሑድ እሑድ "ጠፋህ" አይሉኝም። "ጣሪያህ እንዴት ነው?" ይሉኛል። "ደህና ነው" ስላቸው "ተመስገን" ብለው ወደ መኪናቸው ይገባሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ጠዋት ተነስቼ ፍራሼን ዳበስኩት፤ እንደ ቆርቆሮ ደርቋል። ተሸክሜ አወጣሁትና እስካሁን ለመጋዘኑ ያልመለስኩት ሸራ ሥር አነጠፍኩት። ሌሮይ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሲያየኝ ቆየ።

"አሁንም ያፈሳል?" አለኝ።

"ትንሽ ትንሽ" አልኩትና ፍራሹን በመንገዱ በኩል አዞርኩት። ተቀመጥኩ።

ሌሮይ ወደ ሰማዩ አየ፣ ወደ ፍራሹ አየ፣ ወደ መንገዱም አየ። ተነስቶ ወደ አርቪው ገባ። ውስጥ ዕቃ ሲያንጓጓና ሲያቃስት ይሰማኛል። ቆይቶ በጠባቧ በር ፍራሹን እየጎተተ ወጣ፤ ከኔ ጎን አነጠፈው፣ ባርኔጣውን አስተካከለና ጉልበቱን ይዞ ቀስ ብሎ ተቀመጠበት።

"የኔም ሳታፈስ አትቀርም" አለ።